መልሕቃችን ሌሊት ለምን ለቀቀ? በሮድ ወንዝ ላይ ስለ ደረሰብን ነገር የቀረበ ጥያቄ

ሸራ ዘርጋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው ዓመት ካታሊና 22 የምትባለውን ትንሽ የሸራ ጀልባ ከነተሳቢዋ ገዝቼ፣ የበረዶውን ወራት ስጠግናት ከርሜ፣ ከግንቦት ጀምሮ ከባለቤቴና ከሁለቱ ልጆቼ ጋር ቅዳሜና እሑድን በቼሳፒክ ወሽመጥ ላይ ማሳለፍ ጀምረናል። ጀልባዋን ለማያውቅ ሰው፣ ርዝመቷ 21 ጫማ ተኩል ነው፤ ከሆዷ ሥር የሚወርደው የብረት ኪል 550 ፓውንድ ይመዝናል፤ ኪሉ ሲሰበሰብ ሁለት ጫማ ውኃ ይበቃታል፣ ሲወርድ ግን አምስት ጫማ ትፈልጋለች። እስከ አሁን መልሕቅ የምንጥለው ምሳ እስክንበላ ድረስ ብቻ ነበር። በጀልባዋ ላይ ማደርን የሞከርነው ባለፈው ቅዳሜ ነው።

ከሳንዲ ፖይንት ፓርክ ተነሥተን፣ በቤይ ብሪጅ ሥር አልፈን፣ በ1875 ውኃው መካከል በብረት እግሮች ላይ የተሠራውን የቶማስ ፖይንት መብራት ቤት በቀኝ ትተን፣ 12 የባሕር ማይል ያህል ከተጓዝን በኋላ ሮድ ወንዝ ገባን። ነፋሱ ከደቡብ ቀስ ብሎ ይነፍስ ነበር። ስምንት ጫማ ጥልቀት ባለው ቦታ ላይ፣ ከጀልባዋ ጋር አብሮ የመጣውን መልሕቅ ጣልሁ። ዳንፎርዝ የሚሉት፣ ሁለት ጠፍጣፋ ክንፍ ያለው፣ አራት ፓውንድ የሚመዝን የብረት መልሕቅ ነው፤ ስድስት ጫማ ሰንሰለትና 50 ጫማ ገመድ አለው። ከገመዱ 30 ጫማ ያህል ለቅቄ አሰርሁት። ሲወጠር አየሁና ያዘ ብዬ ተቀመጥሁ።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ግድም ነጎድጓድ ቀሰቀሰን። ነፋሱ ከሰሜን ምዕራብ በአንድ ጊዜ ወረደብን። ባትሪ ይዤ ስወጣ፣ ማታ በሩቅ ያየሁት ነጭ ጀልባ ሃያ ርምጃ በማይሞላ ርቀት ከኋላችን ቆሟል፤ ወደ እርሱ እየተገፋን ነበር። ሞተሩን አስነሥቼ፣ ፊታችንን ወደ ነፋሱ አዙሬ፣ ወጀቡ እስኪያልፍ ድረስ ሃያ ደቂቃ ያህል ያዝኋት። ባለቤቴ ልጆቹን የሕይወት ጃኬት አልብሳ በካቢኗ ወለል ላይ አቅፋቸው ተቀምጣ ነበር። መልሕቁን ስስበው በሁለቱ ክንፎቹ መካከል ጥቁር ደለል እንደ ሸክላ ጭቃ ተጣብቆበት ወጣ።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ ጥፋቱ የመልሕቁ ነው ወይስ የእኔ? አንድ ወዳጄ ሃያ ፓውንድ የሚመዝን መልሕቅ ግዛ ይለኛል። ባለቤቴ ግን ምክንያቱ በትክክል ሳይታወቅ ልጆች ይዘን ዳግመኛ አናድርም ብላለች፤ እኔም በዚህ እስማማለሁ።

የጣና ልጅ፦

ወንድሜ፣ እንኳን ከነቤተሰብህ በሰላም ወጣህ። በዕድሜ ሳልበልጥህ አልቀርምና አንተ ብልህ ቅር አይበልህ። ሃያ ፓውንዱን መልሕቅ ከመግዛትህ በፊት ገመድህን እንመልከት።

መልሕቅ የሚይዘው በክብደቱ ሳይሆን መሬቱን ቆፍሮ በመግባቱ ነው። ማረሻን አስብ። ገበሬው እርፉን ተጭኖ ካልያዘው፣ ማረሻው የቱንም ያህል የተሳለ ቢሆን ከአፈሩ ላይ እየተንሸራተተ ያልፋል። ለመልሕቅም ያንን የገበሬውን እጅ የሚተካው የገመዱ ርዝመት ነው። ረጅም ገመድ መልሕቁን ወደ ጎን፣ ከወለሉ ጋር ትይዩ አድርጎ ስለሚስበው ክንፎቹ እየጠለቁ ይሄዳሉ፤ አጭር ገመድ ግን ጀልባዋ በማዕበል ቀና ባለች ቁጥር ወደ ላይ እየነቀነቀ ይነቅለዋል።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ ብዙ ሰው ግን ግማሹን ይረሳል። የውኃው ጥልቀት ስምንት ጫማ ነበር። ገመዱ የሚነሣው ከውኃው ፊት ሳይሆን ከጀልባዋ አፍንጫ ስለሆነ፣ በዚያ ላይ ሦስት ጫማ ጨምር። በአናፖሊስ አካባቢ የውኃው መውጣትና መውረድ ብዙ አይደለምና ለእርሱ አንድ ጫማ ይበቃል። ድምሩ 12 ጫማ ነው። ለአዳር የሚለቀቀው የዚህ ሰባት እጥፍ፣ ማለትም 84 ጫማ ነው። አንተ የለቀቅኸው ግን 30 ጫማ፣ ሁለት እጥፍ ተኩል ብቻ ነው። ያለህን ሁሉ ከነሰንሰለቱ ብትለቀውም እንኳ አምስት እጥፍ አይሞላም። ስለዚህ 150 ጫማ ርዝመትና ሦስት ስምንተኛ ኢንች ውፍረት ያለው የሦስት ድር ናይለን ገመድ ግዛ። ናይለን ስለሚለጠጥ የማዕበሉን ምት ያበርዳል፤ ሌላ ዓይነት ገመድ ርካሽ ነው ብለህ አትለውጠው። ሰንሰለቱንም ወደ 15 ወይም 20 ጫማ አሳድገው።

ሁለተኛው ነገር አጣጣልህ ነው። «ሲወጠር አየሁና ያዘ ብዬ ተቀመጥሁ» ብለሃል። በቀላል ነፋስ የተወጠረ ገመድ ምንም አያረጋግጥም፤ ሰንሰለቱ በጭቃው ላይ በመተኛቱ ብቻ ጀልባዋ ልትቆም ትችላለች። ፊቷን ወደ ነፋሱ አዙረህ እስክትቆም ጠብቅ። መልሕቁን አትወርውረው፤ ወለሉን እስኪነካ በእጅህ አውርደው፤ ጀልባዋ ወደ ኋላ ስትሄድ ገመዱን ቀስ እያልህ ልቀቅላት። ሙሉው ርዝመት ሲያልቅ እሰርና ሞተሩን ወደ ኋላ አስገብተህ፣ በመጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎም በርከት ባለ ኃይል ለግማሽ ደቂቃ ያህል ሳብ። በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ በጎን በኩል በባሕሩ ዳር አንዱ ከአንዱ ፊት የቆሙ ሁለት ነገሮችን፣ ለምሳሌ አንድ ዛፍና አንድ ጣሪያ፣ ተመልከት፤ እርስ በርሳቸው ካልተላለፉ ይዟል። እጅህንም ገመዱ ላይ አኑር። የያዘ መልሕቅ ገመድ ተወጥሮ ጸጥ ይላል፤ እየተሳበ ያለ መልሕቅ ግን በመዳፍህ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። አንድ ጊዜ ከተሰማህ አትረሳውም።

ዐባይ ማዶ፦

ጋሽ የጣና ልጅ ስለ ገመዱ ያሉትን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ። ይሁን እንጂ ጉዳዩ በገመድ ብቻ የሚያልቅ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም ጠያቂው ወንድማችን ሁለት አስፈላጊ ነገሮችን ጠቅሰው አልፈዋል። ማታ ነፋሱ ከደቡብ ነበር፤ ሌሊት ከሰሜን ምዕራብ መጣ። መልሕቁም ሲወጣ ጭቃ ተሸክሞ ነበር።

ዳንፎርዝ በአንድ አቅጣጫ ሲሳብ በጣም ይይዛል። ነፋሱ ዞሮ ከጀርባው ሲጎትተው ግን ተገልብጦ ይነቀላል፤ ከዚያም እንደገና መቆፈር ይኖርበታል። በክንፎቹ መካከል ደለል ከታጨቀ ክንፎቹ መታጠፍ ስለማይችሉ፣ በወለሉ ላይ እንደ በረዶ ሸርተቴ ይንሸራተታል። የደረሰብዎት ይኸው ይመስለኛል፤ 84 ጫማ ገመድ ቢኖርዎትም ሊደርስ ይችል ነበር፣ ምንም እንኳ ዕድሉ በእጅጉ ቢቀንስም። የቼሳፒክ ወለል በአብዛኛው ጭቃ ነውና መልሕቁን ለጭቃ ይምረጡ። እኔ የምጠቀመው ፎርትረስ ኤፍ ኤክስ 7 የተባለውን የአሉሚኒየም መልሕቅ ነው። ክብደቱ እንደ እርስዎ መልሕቅ አራት ፓውንድ ብቻ ሲሆን፣ አምራቹ እስከ 27 ጫማ ላሉ ጀልባዎች ይመክረዋል፤ የክንፎቹም ማዕዘን ለለስላሳ ጭቃ ከ32 ዲግሪ ወደ 45 ዲግሪ ሊለወጥ ይችላል። ክብደት ሁሉ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። በእርግጥ ይህም ቢሆን ነፋስ ሲዞር ከመነቀል ነጻ አይደለም፤ ስለዚህ ወጀብ በተተነበየበት ሌሊት አንድ ሰው ነቅቶ ማደር አለበት።

ወደ ትንበያው ስመጣ፣ በበጋ እዚህ ወጀብ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላና በምሽት፣ ከምዕራብና ከሰሜን ምዕራብ ነው። ስለዚህ ማታ ቦታ ስንመርጥ በዚያ ሰዓት ለሚነፍሰው ነፋስ ሳይሆን ሌሊት ሊመጣ ለሚችለው ማሰብ አለብን። ሮድ ወንዝ ጥሩ ምርጫ ነበር። በምዕራብ በኩል የስሚዝሶኒያን የአካባቢ ምርምር ማዕከል ደን አለ፤ ወደዚያ ጠጋ ብላችሁ ብታድሩ ኖሮ ዛፎቹ ነፋሱን ይሰብሩላችሁ ነበር፤ ከኋላችሁም መገፊያ ቦታ ይበዛ ነበር። ከመተኛት በፊት በቪኤችኤፍ ሬዲዮ የብሔራዊ አየር ትንበያ አገልግሎትን ስርጭት መስማትን እንደ ጸሎት ልማድ ያድርጉት።

ስለ መብራትም አንድ ነገር ልጨምር። በደንቡ መሠረት ከ7 ሜትር በታች የሆነ ጀልባ በጠባብ መተላለፊያ፣ በታወቀ መልሕቅ መጣያ ወይም ሌሎች በሚመላለሱበት ቦታ ላይ ወይም አቅራቢያ ካልሆነ በስተቀር የመልሕቅ መብራት እንዲያበራ አይገደድም። ካታሊና 22 ስድስት ሜትር ተኩል ገደማ ናት። ሮድ ወንዝ ግን በበጋ ቅዳሜ በሰው ጀልባ የሚሞላ መልሕቅ መጣያ ነውና ያብሩ። ሕጉ ባያስገድድ እንኳ፣ ልጆች በተኙባት ጀልባ ላይ ነጩ መብራት እስኪነጋ ሊበራ ይገባል።

ጀልባ ላይ ለሚያድሩ የሀገራችን ልጆች ደግሞ የምለምነው ነገር አለ፦ ቡና ለማፍላት ብላችሁ በካቢን ውስጥ ከሰል አታቀጣጥሉ። ጭሱ ባይታይም ጋዙ ይገድላል፤ ካቢኗ ደግሞ ከመኪና ውስጥ አትሰፋም።

አዲስ ገቢ፦

ይቅርታ፣ ገና ጀልባ አልገዛሁም፤ እየተማርሁ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ የተሳፈረባት መርከብ በማዕበል ስትናጥ መርከበኞቹ ጥልቀቱን በገመድ ለክተው አራት መልሕቅ ከኋላዋ ጣሉ ይባላል። የትናንሽ ጀልባዎች ሞተር ያለው ከኋላ ነው፤ ገመድ ማሰሪያም በዚያ አለ። ከኋላ ማሰር ለምን አይቻልም?

የጣና ልጅ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው። እነዚያ መርከበኞች በሌሊት ከድንጋይ ጋር እንዳይጋጩ ፈርተው መርከቧን ፊቷ ወደ ምድሩ እንደ ዞረ እስኪነጋ ለመያዝ ፈልገው ነበር፤ መርከባቸውም ትልቅ ነበረች። የእኛ ጀልባ ጀርባ ግን ጠፍጣፋና ዝቅ ያለ ነው፤ የሞተሩም ክብደት በዚያው ላይ ነው። ከኋላ ታስራ ማዕበል ቢመጣባት እንደ ፊቷ እየቀደደች አትወጣም፤ ውኃው በላይዋ ገብቶ መቀመጫውን ይሞላል። በዚህ ምክንያት የሰመጡ ትናንሽ ጀልባዎች አሉ። ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ከፊት ብቻ እሰር።

እኅታችን ዐባይ ማዶ ስለ ነፋሱ መዞር ያለችውን እኔ ችላ ብዬዋለሁ፤ የእርሷ ትክክል ነው። ጣና ዳር ሳለን የታንኳ ሰዎች ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን ነፋስ ስለሚያውቁ በማለዳ መሻገርን ይመርጡ ነበር፤ እኔም ይህን እያወቅሁ ለሌሊቱ ነፋስ ቦታ አልሰጠሁትም።

ሸራ ዘርጋ፦

ለሁላችሁም ከልብ አመሰግናለሁ። የነገራችሁኝን አድርጌ ትናንት ስለ ተመለስሁ ውጤቱን ላካፍላችሁ። ፎርትረሱን በ45 ዲግሪ ገጥሜ፣ 20 ጫማ ሰንሰለትና 150 ጫማ ገመድ ይዤ ወደዚያው ወንዝ ሄድን። በየ25 ጫማው ገመዱ ላይ ቀለም ያለው ክር ስለ ሰፋሁበት ስንት እንደ ለቀቅሁ ለመገመት አልተገደድሁም። በደኑ በኩል፣ ሰባት ጫማ ውኃ ውስጥ፣ ለጥንቃቄ 85 ጫማ ለቀቅሁ። ገመዱ አፍንጫዋ ላይ በሚታጠፍበት ቦታ እንዳይቆረጥ የአትክልት ውኃ ማጠጫ ጎማ ቆርጬ አለበስሁት። በሞተሩ ስስብ ባለቤቴ የባሕሩን ዳር እያየች ነበር፤ በመጀመሪያው ሙከራ ጣሪያው ከዛፉ ኋላ ቀስ ብሎ ሲወጣ አይታ «አልያዘም» አለችኝ። አንሥቼ እንደገና ጣልሁት፤ በሁለተኛው አልተንቀሳቀሰም። ሌሊት ነፋሱ ከደቡብ ወደ ምዕራብ ዞረ፤ ጀልባዋ በገመዷ ዙሪያ ዞራ ቆመች፤ በሦስት ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ወጥቼ ገመዱን በእጄ ያዝሁት፣ ጸጥ ብሎ ነበር። ጠዋት ለማንሣት እኔና ትልቁ ልጄ አብረን መሳብ ነበረብን።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቷል። ሌሊቱን ሙሉ ከሆዷ ሥር ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ነበር፤ ትንሿ ልጄ አንድ ሰው ከታች ያንኳኳል ብላ ሁለት ጊዜ ቀስቅሳኛለች። ኪሉ ወርዶ ነበር።

ዐባይ ማዶ፦

ኪሉ ነው፤ ጀልባዋ በመልሕቅ ላይ ስትወዛወዝ በሚሰበሰብበት ሳጥን ውስጥ ከጎን ወደ ጎን እየተጋጨ ነው። ሙሉ በሙሉ አይሰብስቡት፤ ወርዶ ሲቆይ ጀልባዋ በነፋስ ወደ ግራና ቀኝ መንከራተቷን ይቀንሳል። በካቢኗ ውስጥ፣ በኪሉ ሳጥን ላይ የመቆለፊያ ብሎን አለ፤ ከመተኛትዎ በፊት እርሱን ያጥብቁት፤ ድምፁ ይቆማል። ጠዋት ኪሉን በዊንቹ፣ ማለትም ገመዱን በሚጠቀልለው መዘውር፣ ለማንሣት ከመሞከርዎ በፊት ግን ብሎኑን መፍታትዎን ያረጋግጡ፤ አለበለዚያ የሚበጠሰው የኪሉ ገመድ ነው።