የትምህርት ቤት ጋዜጣ በሁለት ቋንቋ፦ ኡዝቤኮች እንዴት ያደርጉታል?

ጠያቂ፣ ከዳንግላ
ሰላም ለሁላችሁ። አስተማሪ ነኝ። ከተማሪዎቼ ጋር በየወሩ ባለ አራት ገጽ ጋዜጣ እናወጣለን፤ እስካሁን በአማርኛ ብቻ። አሁን አገውኛ ልንጨምር ስንል ክርክር ተነሳ። ገሚሱ «አማርኛውን ተርጉመን ከጎኑ እናድርግ» ይላል፣ ገሚሱ «የራሱ ጽሑፍ ይኑረው»። ኡዝቤኪስታን ውስጥ በኡዝቤክኛም በሩሲያኛም ጋዜጣ አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እዚያ የተማረ ሰው አለ?

መልስ፣ ከፍኖተ ሰላም
አለሁ ወንድሜ። በደርግ ጊዜ የኡዝቤኪስታን ዋና ከተማ ታሽኬንት መስኖ ነው ያጠናሁት። ኪዮስኩ ላይ በሩሲያኛ «ፕራቭዳ ቮስቶካ»፣ በኡዝቤክኛ «ሶቬት ኡዝቤኪስቶኒ» ጎን ለጎን ይደረደሩ ነበር። ያኔ ሁለቱም ሩሲያኛ በሚጻፍበት በሲሪሊክ ፊደል ነበር የሚታተሙት። ስለዚህ ሩሲያኛ ከለመድኩ በኋላ ኡዝቤክኛውንም ጮክ ብዬ አነበው ነበር፤ ትርጉሙ ግን ጠብ አይልልኝም።

በመከር ወራት የሁለቱም የፊት ገጽ ጥጥ ነው። ዕቅዱ ስንት በመቶ ደረሰ፣ የትኛው ኮልኾዝ (የጋራ እርሻ) ቀደመ፣ ይኸው ነው። የኡዝቤክ ጓደኞቼ ለዓለም ወሬ ሩሲያኛውን ያነሳሉ። ግጥም ሲያምራቸው ግን የራሳቸውን ነው የሚገልጡት፣ አንዱ ያነባል ሌላው ያዳምጣል። እኔን የጠየቅከኝ እንደሆነ ትርጉም ብቻ አታድርጉት። በአማርኛ ያነበበውን ልጅ ደግሞ በአገውኛ አንብብ ብትለው ለምን ብሎ?

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። አሁንስ እንዴት ናቸው?

መልስ፣ ከፍኖተ ሰላም
በ1991 እ.ኤ.አ. «ኻልቅ ሶዚ» በኡዝቤክኛ፣ እህቱ «ናሮድኖዬ ስሎቮ» በሩሲያኛ ተጀመሩ፤ የመንግሥት ናቸው። «ፕራቭዳ ቮስቶካ»ም አልቀረም። የከበዳቸው ፊደሉ ነው። በ1993 እ.ኤ.አ. ወደ ላቲን ፊደል እንዙር ብለው ሕግ አወጡ። ልጆቹ ትምህርት ቤት በላቲን ተማሩ፣ ብዙ ጋዜጣ ግን ለትልልቁ አንባቢ ሲል ለዓመታት በሲሪሊክ ቀጠለ። አባትና ልጅ አንድ ጋዜጣ እኩል ማንበብ ሲያቅታቸው አስበው! እናንተ በዚህ ዕድለኞች ናችሁ፤ አማርኛውም አገውኛውም በአንድ ፊደል ነው።

መልስ፣ ከእንጅባራ
በጋሼ ሐሳብ እስማማለሁ። ባሕር ዳር በአገውኛ የሚታተመውን «ቺርቤዋ»ን ለልጆቹ አሳይልን። ከዚያ ስለ ፈረስ ጀምሩ። እያንዳንዱ ልጅ አያቱን ስለ ኮርቻውና ስለ ልጓሙ ጠይቆ፣ እሳቸው በተናገሩበት አገውኛ ይጻፈው። አማርኛው ገጽ ላይ አጠር ያለ መግለጫ ይበቃል።

ጠያቂ
ተስማምቶኛል። የጥር ወሩን እትም ለአገው ፈረሰኞች በዓል እናደርሳለን።