ላፕቶፔ «ዊንዶውስ 11ን አያሟላም» አለኝ፤ ፎርማት ሳላደርግ ማሳደግ ይቻላል?

ጥያቄ

ሰላም ናችሁ? ላፕቶፔ ላይ ያለው ዊንዶውስ 10 ነው። ፕሮሰሰሩ 8ኛ ትውልድ ኮር አይ 5፣ ራሙ 8 ጊጋ፣ ዲስኩ 256 ጊጋ ኤስኤስዲ ነው። በማይክሮሶፍት መመርመሪያ፣ በፒሲ ኸልዝ ቼክ ሳየው ሁለት ነገር ይጎድለዋል አለኝ፦ ቲፒኤም 2.0 እና ሴኪዩር ቡት። የሒሳብ ሥራዬ በሙሉ እዚህ ላፕቶፕ ላይ ነው። የሒሳብ ፕሮግራሙ መጫኛ በእጄ ስለሌለ ፎርማት ማድረግ አልችልም። አዲስ ልግዛ ወይስ መላ አለው? ፋይሎቼስ ይጠፋሉ?

መልስ 1

እህቴ፣ ለመግዛት አትቸኩዪ። ሊቀየር የማይችለው ነገር ፕሮሰሰሩ ነው። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል በአብዛኛው ከ8ኛው ትውልድ፣ ከኤኤምዲ ደግሞ ከራይዘን 2000 ጀምሮ ያሉትን ነው የሚቀበለው። ያንቺ ያልፋል። ራም 4 ጊጋ፣ ዲስክ 64 ጊጋ ነው የሚጠይቀው፤ እሱም ሞልቶልሻል።

ቲፒኤም የሚስጥር ቁልፎችን የሚይዝ የደህንነት ክፍል ነው። ባንቺ ዓይነት ላፕቶፕ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አለ፤ ባዮስ ውስጥ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ ማስተካከያ ነው) ተዘግቶ ነው የማይታየው። ላፕቶፑ ሲነሳ ኤፍ 2 ወይም ዲሊትን ተጭነሽ ባዮስ ግቢ። ቁልፉ እንደ አምራቹ ይለያያል። ከዚያ በኢንቴል «ፒቲቲ»፣ በኤኤምዲ «ኤፍቲፒኤም» የሚል ፈልገሽ አብሪው፤ ሴቭ አድርገሽ ውጪ። መብራቱን ለማረጋገጥ ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ዲቫይስ ሴኪዩሪቲ የሚለውን ክፈቺ። ሴኪዩሪቲ ፕሮሰሰር ከሚለው ሥር 2.0 ካየሽ አንዱ ተፈታ።

መልስ 2

ትክክል ነው፤ ሴኪዩር ቡትን (ላፕቶፑ ሲነሳ ያልታመነ ፕሮግራም እንዳይገባ የሚከለክለውን) ግን ዘለሽ እንዳትነኪው! መጀመሪያ ሰርች ላይ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ብለሽ ክፈቺና «ባዮስ ሞድ» የሚለውን መስመር ተመልከቺ። ዩኢኤፍአይ (አዲሱ የማስነሻ አሠራር) የሚል ከሆነ ሴኪዩር ቡትን ማብራት ብቻ ነው የሚቀርሽ።

«ሌጋሲ» (የድሮው የማስነሻ አሠራር) ካለ ግን ዊንዶውሱ ያለበት ዲስክ በድሮው አሠራር፣ በኤምቢአር ነው የተከፋፈለው። ዲስኩ ወደ አዲሱ አከፋፈል፣ ወደ ጂፒቲ ሳይቀየር ባዮሱን ወደ ዩኢኤፍአይ ብታዞሪው ላፕቶፑ «የሚነሳ ዲስክ አላገኘሁም» ይልሻል። እንዲህ ቢያጋጥምሽ አትደንግጪ፤ የጠፋ ፋይል የለም። ባዮሱን ወደ ሌጋሲ ስትመልሺው ይነሳል። ስንት ሰው እዚህች ጋ ደንግጦ ያለ ምክንያት ፎርማት እንዳደረገ ሳስብ ያሳዝነኛል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ አንደኛ ዲስኩን መቀየር፣ ሁለተኛ ባዮሱን፣ ሦስተኛ ሴኪዩር ቡትን ማብራት።

መልስ 3

ይቅርታ፣ ከሁሉም በፊት የሚቀድም ነገር አለ። ሥራዎን በሙሉ ኤክስተርናል ዲስክ ላይ ይገልብጡ። የሒሳብ ፕሮግራሙ የራሱ ባክአፕ ማውጫ ካለው በእሱም ያውጡ፤ ፎልደሩን መገልበጥ ብቻ አይበቃም። ከዚያም ኤክስተርናሉን ነቅለው ያስቀምጡ።

ሌላው ቢትሎከር፣ ዲስኩን በሚስጥር ቁልፍ የሚቆልፈው የዊንዶውስ መከላከያ ነው። ብዙ ላፕቶፕ ላይ ባለቤቱ ሳያውቀው በርቶ ይገኛል። ባዮስ ሲነካ በሚቀጥለው ሲነሳ 48 አሃዝ ያለው መክፈቻ ቁልፍ ሊጠይቅዎት ይችላል። ቁልፉ ከሌለዎት ዲስኩ ላይ ያለው ሁሉ እንደተቆለፈ ይቀራል። ስለዚህ አስቀድመው በማይክሮሶፍት አካውንትዎ ገብተው ቁልፉን ወረቀት ላይ ይጻፉት፤ ከዚያ ቢትሎከርን ለጊዜው ያቁሙት። እባክዎ ይህችን አይለፏት።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ባክአፑን ጨረስኩ፣ ቢትሎከርም ጠፍቶ ነው ያገኘሁት። ባዮስ ሞዱ ግን ሌጋሲ ነው። ዲስኩን በምን ልቀይረው? አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «ይህን ሁሉ ከምትለፊ፣ መስፈርቱን የሚዘል ፍላሽ ሠርቼ በግድ ልጫንልሽ» ይለኛል።

መልስ 2

መቀየሪያው ዊንዶውስ 10 ውስጥ አብሮ አለ፤ ኤምቢአር2ጂፒቲ ይባላል። ኮማንድ ፕሮምፕትን (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) በአድሚኒስትሬተር ከፍተሽ ነው የምታዢው። መጀመሪያ «ቫሊዴት» በሚለው ትእዛዝ አስፈትሺው። ፍተሻው ካለፈ ብቻ «ኮንቨርት» በይው። ሁለቱም ላይ «አሎው ፉል ኦኤስ» የሚለው መጨመር አለበት፤ ካልሆነ ዊንዶውስ እየሠራ እያለ እምቢ ይላል። ዲስኩ ላይ ከ3 በላይ ፕራይመሪ ፓርቲሽን (ዋና የዲስክ ክፍልፋይ) ካለም ፍተሻውን አያልፍም። ኮንቨርት ካለቀ በኋላ ወዲያው ባዮስ ገብተሽ ወደ ዩኢኤፍአይ አዙሪው።

መልስ 4

የጓደኛሽን ሐሳብ ተዪው። መስፈርቱን ዘሎ መጫን ይቻላል፤ ማይክሮሶፍት ግን እንዲህ ለተጫነ ኮምፒውተር አፕዴት ለመስጠት ዋስትና አይሰጥም። የምናሳድገው ለደህንነት አፕዴቱ ብለን አይደል? ያንቺ ላፕቶፕ ደግሞ በትክክለኛው መንገድ ማለፍ የሚችል ነው።

መልስ 1

ባዮሱን ከጨረስሽ በኋላ ፒሲ ኸልዝ ቼክን እንደገና አስኪጂው። የአፕዴት ገጹ ወዲያው ላይቀየር ይችላል፤ እስከ 24 ሰዓት የሚቆይበት ጊዜ አለ።

ስታሳድጊ ቻርጀሩ ይሰካ፣ ፕሪንተርና ፍላሽ ይነቀሉ። ከዊንዶውሱ ጋር ያልመጣ አንቲቫይረስ ካለ ለጊዜው አውጪው። መጫኛው ምን ይቆይ ብሎ ከጠየቀሽ ፋይሎችም ፕሮግራሞችም የሚለውን ምረጪ። የሒሳብ ፕሮግራምሽ ባለበት ይቀጥላል። ካልተስማማው በ10 ቀን ውስጥ ከሴቲንግስ፣ ሪከቨሪ ውስጥ «ጎ ባክ» ብለሽ ወደ 10 መመለስ ትችያለሽ። እስከዚያው ዲስክ አጸዳለሁ ብለሽ «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚለውን ፎልደር እንዳታጠፊ፤ መመለሻሽ እሱ ነው።

ጠያቂዋ

ሆነ! ፍተሻውን አለፈ፣ ሴኪዩር ቡትም በራ፣ ዊንዶውስ 11 ገባ። የሒሳብ ፕሮግራሙም ከነመረጃው ተከፍቷል። እድሜ ይስጣችሁ።

ሌላ ጠያቂ

በዚሁ ልግባ። የእኔ 6ኛ ትውልድ ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ 4

ወንድሜ፣ ያንተ በፕሮሰሰሩ ምክንያት አያልፍም። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ለግል ተጠቃሚ ግን እስከ ኦክቶበር 13 ቀን 2026 የሚቆይ ተጨማሪ የደህንነት አፕዴት አለ። 22ኤች2 የሚባለው የዊንዶውስ 10 እትም መሆኑን አረጋግጥና አፕዴት ገጹ ላይ ተመዝገብ። ጊዜ ይገዛልሃል። ሥራህ ብሮውዘርና ጽሑፍ ብቻ ከሆነ ግን ኡቡንቱን (በዊንዶውስ ምትክ የሚሠራ ነጻ ሲስተም) ከፍላሽ አስነስተህ ሳትጭነው ሞክረው። ዋይፋዩ፣ ድምፁና ፕሪንተሩ ከሠሩልህ ያንን ላፕቶፕ ገና ብዙ ትሠራበታለህ።