ለቱሪስት ጅብ ማብላቱ ይቁም ወይስ ይቀጥል? የሀረርና የድሬ ልጆች ክርክር

ሙና ዘሀረር፦ ሰሞኑን "ጅብ ከሰው ጋር ማላመድ ጥፋት ነው፣ የማታው ማብላት ይቅር" ስትሉ ሳነብ ነበር። እኔ አይቁም ባይ ነኝ፣ ግን ማን እንደሚያበላ ደንብ ይውጣለት። ለምን በሉኝ። ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሻርሊን ሳካይ የምትባል የአንጎል ተመራማሪ አለች፣ ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኬንያ ማሳይ ማራ ላይ ጅብ ካጠናችው ከኬይ ሆልካምፕ ጋር ሆነው የጅብ ራስ ቅል ሲቲ ስካን አንስተው የአንጎሉን ቅርጽ በኮምፒውተር አወጡት። አራቱንም የጅብ ዓይነቶች አነጻጽረው በ2011 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ከሌላው ጋር ለመኖርና ራስን ለመግታት የሚረዳው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ድርሻው ትልቅ ሆኖ የተገኘው የኛው ባለ ነጠብጣቡ ነው። ይሄ ጅብ በመንጋ ነው የሚኖረው፣ አለቃዋ ሴት፣ ግልገሉ የእናቱን ደረጃ ይወርሳል፣ ማን ከማን በላይ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እንዲህ ያለ አውሬ ሰውን ከሰው አይለይም ብላችሁ ነው?

ቢኒ ሳቢያን፦ ዋሪያ ሙና፣ ቅል ለካሽ ማለት ሀሳቡን አየሽ ማለት አይደለም እኮ። ስጋ ስላለ ነው የሚመጣው፣ ስጋው ሲቀር ደግሞ ሌላ ቦታ ሊፈልግ ነው፣ ያ ሌላ ቦታ የሰው በረት ወይ ደጃፍ ቢሆንስ? ይቁም ነው የምለው።

ጋሽ ከድር፦ ልጆች፣ ጅቡ ቱሪስት ጠርቶት የመጣ አስመሰላችሁት። የጁገል ግንብ ላይ ያለው ዋራባ ኑዱል፣ የጅብ ቀዳዳው፣ ለማን የተተወ ነው? የአሹራ በዓል ሲደርስ ገንፎ በቅቤ የሚቀርብለትስ? ማታ ገብቶ አጥንቱንም ቆሻሻውንም ጠርጎ ይወጣል፣ አባቶቻችን አብረውት ኖረዋል። ማብላቱን ብታቆሙት ጅቡ የትም አይሄድም፣ ቤተሰቡን በሱ የሚያስተዳድረው ሰውዬ ነው የሚጎዳው።

ሄለን ሀረማያ፦ ጋሽ ከድር እርስዎ ያሉት እውነት ነው፣ አብሮ መኖሩ የቆየ ነው። ግን ሙና አንድ ነገር ዘለልሽ። እነሳካይ ከዚያ በፊት በ2010 እ.ኤ.አ. ወንድና ሴቱን ሲያነጻጽሩ የፊተኛው ክፍል የሚበልጠው ወንዱ ጋር ሆኖ አገኙት፣ አለቃዋ ሴቷ ሆና ሳለ ማለት ነው። እነሱ የሚገምቱት ወንዱ ሲያድግ የተወለደበትን መንጋ ትቶ ሌላ መንጋ ውስጥ የመጨረሻ ዝቅተኛ ሆኖ ስለሚገባ ራሱን መግታት አለበት የሚል ነው። ስለዚህ ትልቅ ማለት ጎበዝ ማለት ነው ብለን አንሩጥ፣ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላኛው ነው። የሆልካምፕ ተማሪ የነበረችው ሳራ ቤንሰን አምራም ስጋ ያለበት የተዘጋ የብረት ሳጥን ለ62 የዱር ጅቦች ሰጥታ የከፈቱት 9 ብቻ ናቸው፣ የተሳካላቸውም በተለያየ መንገድ እየሞከሩ የነካኩት ናቸው። ሰው እጅ ያደጉት ላይ ስትሞክር ደግሞ በጣም ተሻሉ፣ አንዱ ምክንያት አዲስ ነገር ብዙም ስለማይፈሩ ነው። የኛዎቹን ደግሞ በየማታው በሰው እጅ እያስለመድናቸው ነው፣ ፍርሃቱ ሲወጣለት ምን እንደሚሞክር ማን ያውቃል?

ቢኒ ሳቢያን፦ በቃ ሄሉ ጨረሰችው!

ሙና ዘሀረር፦ ኧረ አልጨረሰችውም፣ የኔን ሀሳብ ነው ያጠናከረችው። ይቺው ሳራ የማያውቁትን ጅቦች ድምፅ፣ የአንድ፣ የሁለት፣ የሦስት፣ እያደረገች ስታሰማቸው ድምፁ በበዛ ቁጥር ይበልጥ ቀና ብለው ይጠባበቁ ነበር። ስንት እንደሆኑ በድምፅ ይለያሉ ማለት ነው። ታዲያ ፈላና በር ውጪ በየስሙ እየጠራ የሚያበላቸው ሰውዬ ድምፁ ይጠፋቸዋል? እሱን ያውቁታል፣ ቦታውን ሰዓቱን ያውቃሉ። ጥፋቱ የሚጀምረው ማንም መንገደኛ ስጋ የተንጠለጠለበትን እንጨት በጥርሱ ነክሶ ሲያበላ፣ ልጁን ጎኑ አስቀምጦ በስልክ ሲያስቀርጽ ነው፣ ያኔ ጅቡ ስጋ ያለው አንድ ሰውዬ ጋር ሳይሆን ማንኛውም እጅ ላይ ነው ብሎ ይይዛል። ስለዚህ የሚያበላው የታወቀ ሰው ብቻ ይሁን፣ ቱሪስቱ ራቅ ብሎ ይይ፣ ህፃን ጭራሽ አይቅረብ።

ቢኒ ሳቢያን፦ እሺ ደንቡ ወጣ እንበል፣ ማታ ቆሞ የሚያስከብረው ማነው? ቱሪስቱ የሚከፍለው ራሱ አብልቶ ለመነሳት ነው እኮ፣ ያ ከቀረ ገቢውም አብሮ ይቀንሳል።

ጋሽ ከድር፦ እሱን ከሆነ መጀመሪያ የሚያበላውን ሰው ጠይቁት። ከኛ ሁሉ የትኛዋ አለቃ እንደሆነች፣ የትኛው ፈሪ እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው፣ እስካሁን ግን እዚህ የጠየቀው ሰው አላየሁም።

ሄለን ሀረማያ፦ እኔ ሄጄ እጠይቀዋለሁ። ሙና አብረሽኝ ነሽ? ቢኒ አንተም ና፣ ከድሬ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው።