ጋሼን «ተጠንቀቅ!» ማለት ከበደኝ

ያለሁት ሐዋሳ ነው። ከሰኞ እስከ አርብ ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የሰፈራችን ሚሊሻ መሪ ነኝ። ሥልጠና ጨርሼ ከተሾምኩ ገና 2 ወሬ ነው። 24 ሰው አለኝ፤ 9ኙ በዕድሜ አባቴ ይሆናሉ። አንደኛው የቀድሞው ሠራዊት ሃምሳ አለቃ ናቸው። ልጅ ሆኜ መስኮታቸውን በኳስ ስሰብር ጆሮዬን የቆነጠጡኝ ጎረቤታችን!

ችግሩ ሰልፍ ላይ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት፣ ታቦር ተራራ ሥር፣ «ተጠንቀቅ!» ስል ድምፄ ይሰበራል። ባለፈው ከአፌ አምልጦኝ «ጋሼ፣ ይሰለፉ እንጂ» አልኳቸው። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። እሳቸው ዞር ብለው «ተሰለፍ!» ሲሉ ግን ሁሉም ቀጥ አለ። እኔም ጭምር፣ ምን እዋሻለሁ።

ለብቻቸው ቡና ጋብዤ ነገርኳቸው። «ልክ ነህ ልጄ» አሉ፤ በሳምንቱ ያው። ከዚያ ኮስተር ብዬ ሁሉንም «አንተ» ማለት ጀመርኩ። ሁለት አዛውንት ከሰልፍ ቀሩ። ወሬው እናቴ ጆሮ ደርሶ እራት ላይ ተወቀስኩ።

አሁን ያሰብኩት ሃምሳ አለቃውን ምክትሌ ማድረግ ነው። በዚህ ያለፋችሁ ንገሩኝ፦ ትእዛዙን በእሳቸው በኩል ባሳልፍ መሪነቴ ይጠነክራል ወይስ ጭራሽ ከእጄ ይወጣል?