ስትሮክ፦ አንዱ በሳምንት ይወጣል፣ ሌላው ወር ይከርማል፤ ለምን?

ጥያቄ፦ ሲቲ ስካናቸው የሚመሳሰል ሁለት የስትሮክ ታካሚዎች የሆስፒታል ቆይታቸው ርዝመት ለምን ይራራቃል? ከሕመሙ ክብደት ሌላ ምን ያስተኛል?

መልስ 1፦ ክብደቱ ዋናው ነው፤ ሲገባ ራሱን የሳተ ሰው ቶሎ አይወጣም። ቀጥሎ ግን የሳንባ ምች ነው። መዋጡ ሳይፈተሽ አስታማሚ አጥሚት በማንኪያ ይሰጠዋል፣ ጉሮሮው ስለደከመ ወደ ሳንባ ይወርዳል። ፍተሻው ደቂቃዎች ቢፈጅ ነው፦ የነቃ መሆኑን አይታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ ስጡት፤ ከዋጠ ሁለት ሦስቴ ድገሙ፤ ከዚያ ከብርጭቆ ይጎንጭ። ካሳለ፣ ከአፉ ካፈሰሰ ወይም «አ» ሲል ድምፁ ውሃ ውሃ ካለ አቁሙ። ምግቡና መድኃኒቱ በአፍንጫ ቱቦ ይሁን፣ ራስጌውም ቢያንስ 30 ዲግሪ ከፍ ይበል።

ጠያቂ፦ ካላሳለ መዋጥ ችሏል ማለት ነው?

መልስ 1፦ አይደለም። ሳል ሳይኖር ወደ ሳንባ የሚገባበት ጊዜ አለ። ትኩሳትና ፈጣን ትንፋሽ ከመጣ ጠርጥሩ።

መልስ 2፦ የሽንት ቱቦውንም አትርሱ። አንሶላ እንዳይረጥብ ተብሎ ከቆየ ኢንፌክሽን ያመጣል። የአልጋ ቁስል እንዳይወጣበትም በየ2 ሰዓቱ አገላብጡት፤ ተረከዝና መቀመጫው ላይ ቅላት መኖሩን እዩ።

መልስ 3፦ ሕክምናው አልቆ በከንቱ የሚያልፈው ቀንም ቀላል አይደለም። «ቤት ማን ያነሳዋል? ደረጃ አለው? ሽንት ቤቱ የት ነው?» የሚባለው በመውጫው ዕለት ሳይሆን በገባ በ2ኛው ቀን ነው። ከአልጋ ወደ ወንበር ማዛወርንም አስታማሚው እዚያው ይለማመድ። የደከመውን ክንድ ግን አይጎትት፣ ትከሻው ይወልቃል።