ፕሮፎርማ ከላክን በኋላ ደንበኛን ሳናሰለች እንዴት እንከታተል?

ጥያቄ፦ ስፌት ቤት (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ የሥራ ልብስ የሚሰፋ አነስተኛ ድርጅት አለኝ፤ ደንበኞቻችን በአብዛኛው ሆቴሎች፣ ክሊኒኮችና የግል ትምህርት ቤቶች ናቸው። አንድ ጊዜ ያሠሩን ድርጅቶች ብዙዎቹ ተመልሰው ስለሚመጡ ስለ ስፌቱ ጥራት እምብዛም አልሰጋም። የሚያስጨንቀኝ አዲስ ደንበኛ ፕሮፎርማ (ከግዥ በፊት የሚሰጥ የዋጋ ማቅረቢያ ወረቀት) ከወሰደ በኋላ የሚከተለው ዝምታ ነው። ስደውል «ገና አልተፈረመበትም» ወይም «እኛው እንደውላለን» የሚል መልስ አገኛለሁ፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ መደወል ልመና እየመሰለኝ ይሉኝታ ይይዘኛል። ዝም ብዬ ስጠብቅ ደግሞ ሥራው ለሌላ መሰጠቱን ዘግይቼ ከሰው እሰማለሁ።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ለገና፣ ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ በሚዘጋጁ ባዛሮች ስንሳተፍ በርካታ ሰዎች ስልካቸውን ይሰጡኛል፤ ቢዝነስ ካርድም እንለዋወጣለን። ባዛሩ ካለቀ በኋላ ግን ለእነዚህ ሰዎች ምን ተብሎ እንደሚጻፍ አላውቅም። ለሁሉም አንድ ዓይነት መልእክት መላክ ቀላል ነው፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ መልእክት ሲደርሰኝ እኔም ሳላነብ ስለማልፈው ከሌላው ሰው የተሻለ ነገር አልጠብቅም።

ስንት ጊዜ መደወል ተገቢ ነው? በስልክ ነው ወይስ በጽሑፍ? መተው የሚሻለውስ መቼ ነው?

መልስ፦ የቀድሞ የግዥ ሠራተኛ

ውድ ጠያቂ፣ በሆቴል የግዥ ክፍል ለረጅም ጊዜ የሠራሁ ስለሆነ ነገሩን ከጠረጴዛው ማዶ ሆኜ ልንገርዎት።

በመጀመሪያ፣ የጠየቀዎት ሁሉ ሊገዛዎት የጠየቀ አይደለም። ብዙ ድርጅቶች ከመግዛታቸው በፊት ሦስት ፕሮፎርማ እንዲሰበሰብ ይፈልጋሉ፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ሻጩ አስቀድሞ የታወቀ ይሆንና የተቀሩት ሁለቱ ፋይሉን ለማሟላት ብቻ ይፈለጋሉ። የግዥ ሠራተኛው ይህንን አይነግርዎትም፣ ሊነግርዎትም አይችልም። እርስዎ ግን ከአጠያየቁ መገመት ይችላሉ። የጨርቁን ዓይነት፣ የሠራተኛውን ብዛትና የሚረከብበትን ቀን የሚናገር፣ ናሙና ማየት የሚፈልግ፣ ቀለሙ በመታጠብ ይለቅ እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው በእርግጥ ልብስ ይፈልጋል። «ዋጋውን ጻፉበትና ማኅተም አድርጉበት፣ ዛሬውኑ እወስደዋለሁ» የሚለው ግን ምናልባት ሦስተኛዋን ወረቀት ነው የሚፈልገው። ለእርሱም በትሕትና ይስጡት፤ ነገ የእውነት ሊመጣ ይችላል። ነገር ግን ጊዜዎን በእርሱ ላይ አያባክኑ።

ስለዚህ ክትትሉ የሚጀምረው ፕሮፎርማው ከመሰጠቱ በፊት ነው። ልብሱ መቼ እንደሚያስፈልግ፣ በመጨረሻ የሚያጸድቀው ማን እንደሆነና ከሚለብሱት ክፍሎች ውስጥ ሐሳቡ የሚጠየቅ ሰው እንዳለ በዚያው ቀን ይጠይቁ። ሆቴል ውስጥ የግዥ ሠራተኛው ወረቀቱን ያዞራል እንጂ ብቻውን አይወስንም። የሃውስኪፒንግ (የክፍሎች ጽዳትና አያያዝ) ኃላፊዋ ጨርቁ ለሥራ ይመች እንደሆነ ትናገራለች፣ ፋይናንስ ገንዘብ መኖሩን ያረጋግጣል፣ ሥራ አስኪያጁ ይፈርማል። የግዥ ሠራተኛውን ዘልለው ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሄዱ ይቀየማል፤ በሌላ ጊዜም አይደውልልዎትም። ከዚህ ይልቅ «ናሙናውን ለሃውስኪፒንግ ኃላፊዋ ባሳይ ቅር ይልዎታል?» ብለው እርሱኑ ቢጠይቁት ራሱ ይዞዎት ይሄዳል፤ እግረ መንገድዎንም ሁለተኛ ሰው ይተዋወቃሉ።

ቀጥሎ፣ በፕሮፎርማው ላይ ዋጋው የሚጸናበትን ቀን ይጻፉ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ የሚወሰን ስለሆነና የምትሠሩበት ጨርቅ፣ ዚፕና ክር በአብዛኛው ከውጭ ስለሚገባ፣ መርካቶ ላይ ያለው ዋጋ እንደ ድሮው ለወራት የሚቆይ አይደለም። ገዥውም ይህንን ያውቃል። ቀኑ ሊያልፍ ጥቂት ሲቀረው የሚደውሉት ስልክ ታዲያ በቂ ምክንያት አለው፤ «የሰጠኋችሁ ዋጋ የሚያገለግለው እስከ ዓርብ ነው፤ ውሳኔው እስከዚያ የማይደርስ ከሆነ አዲስ ዋጋ ላዘጋጅ ወይስ ጉዳዩ ይቆይ?» ቢሉ የግዥ ሠራተኛው የሚመልሰው ነገር ያገኛል። «ምን ደረሰ?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን የሚለው ስለሌለው «እንደውላለን» ይላል። ብዙ ጊዜ ይህ ቃል እርስዎን ማባረሪያ አይደለም፤ ሰውየው ራሱ የሚያውቀው አዲስ ነገር ስለሌለ ነው።

በዚያው ወረቀት ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ መካተት አለመካተቱን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎን፣ ቅድመ ክፍያውንና ርክክቡ የሚፈጀውን ጊዜ አሟልተው ከጻፉ፣ ፋይናንስ ክፍል ፋይሉን «ይሟላ» ብሎ የሚመልስበት ምክንያት ይቀንሳል። አቅራቢው ችላ የተባለ ከሚመስለው ዝምታ ውስጥ አንዱ ክፍል የሚመጣው ከዚህ ነው።

ስለ ሰዓቱ ባጭሩ፦ ሰኞ ጠዋት ብዙ ቦታ ስብሰባ አለ። ዓርብ ደግሞ ከ5፡30 እስከ 7፡30 በተለይ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰው አያገኙም።

መልስ፦ ቡና ቆዪ (ሐዋሳ)

ከላይ የተሰጠው ምክር ጥሩ ሆኖ ሳለ በአንድ ነገር አልስማማም። የዋጋው ቀን ሊያልፍ ነው ብሎ መደወል ለትልቅ ሆቴል ይሠራ ይሆናል፤ ለትንሽ ድርጅት ባለቤት ግን ማስፈራሪያ ሊመስል ይችላል። እኔ የተቆላ ቡና ለካፌዎች አቀርባለሁ፤ ከባለቤቱ ጋር ፊት ለፊት የምገናኝ ስለሆነ ስልክ እምብዛም አልጠቀምም። እንደ ማንኛውም ተስተናጋጅ ገብቼ ማኪያቶዬን እጠጣለሁ፣ ሂሳቤን እከፍላለሁ፣ ማሽኑ ላይ የቆመውን ልጅ የሚጠቀሙበት ቡና እንዴት እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። ምሬት በዝቶበት ከሆነ ወይም አፈጫጨቱ ካስቸገረው እርሱ ራሱ ለባለቤቱ ይነግረዋል። በእርስዎ ሙያ ደግሞ ልብሱን የለበሰው አስተናጋጅ ብብቱ ላይ እንደተተረተረ ወይም አንገትጌው እንደተጨማደደ በዓይንዎ ያያሉ፤ ከዚያ የተሻለ የመነጋገሪያ ርእስ የለም።

ስንት ጊዜ ለሚለው፣ የእኔ ልማድ ፕሮፎርማው ከተሰጠ በኋላ ሁለት ጊዜ መጠየቅና መልስ ካላገኘሁ የስንብት መልእክት መላክ ነው። ይዘቱ በግምት ይህን ይመስላል፦ «ጤና ይስጥልኝ። በአሁኑ ጊዜ ከእኛ ጋር ለመሥራት እንዳልተመቻችሁ ተረድቻለሁ፤ ምንም ቅሬታ የለኝም። ለወደፊቱ ካስፈለግናችሁ በዚህ ስልክ እንገኛለን።» የሚገርመው፣ ለሁለቱ ጥያቄዎች ዝም ያለ ሰው ለዚህኛው ብዙ ጊዜ ይመልሳል፤ ምክንያቱም እምቢ ማለት ከብዶት የቆየው ሰው እርስዎ ራስዎ በሩን ስለከፈቱለት ይቀለዋል። ቴሌግራም ላይ ሁለት ጭረት አይተው «አንብቦ ዘጋኝ» ብለው ግን አይቀየሙ። ነጋዴ መልእክት የሚያነበው ቆሞ፣ እየተጓዘ፣ ከሌላ ሰው ጋር እየተነጋገረ ነው።

ምላሽ፦ ስፌት ቤት

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሦስተኛዋ ወረቀት ነገር ብዙ ያለፉ ጉዳዮችን አስታወሰኝ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር ስንሠራም በዚሁ መንገድ መከታተል ይቻላል? የባዛሩስ ጥያቄ?

መልስ፦ የቀድሞ የግዥ ሠራተኛ

የመንግሥት ግዥ ሌላ ነው። ጨረታ ተከፍቶ ግምገማ ላይ ባለበት ጊዜ ለገምጋሚዎች መደወልም ሆነ በአካል ሄዶ ማነጋገር ከውድድር ሊያስወጣዎት ይችላል፤ ስለዚህ የሚያሻማ ነገር ካለ በሰነዱ ላይ በተጠቀሰው ጊዜ ውስጥ ማብራሪያ በጽሑፍ ይጠይቁ፣ ከዚያ በኋላ ውጤቱን ይጠብቁ። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ግዥ ወደ ኤሌክትሮኒክ ሥርዓት ስለገባ እዚያ መመዝገብና መረጃን ወቅታዊ አድርጎ መያዝ ከብዙ ስልክ ይበልጣል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 እንደሚያልቅም አይርሱ፤ ራስዎን ለማስተዋወቅ የሚሻለው በጀቱ ገና ሥራ ላይ መዋል ሲጀምር ነው።

ለግል ትምህርት ቤቶች ደግሞ በነሐሴ መደወል የረፈደ ነው። ምዝገባው በክረምት ስለሚካሄድና ልጆቹ መስከረም ላይ ዩኒፎርሙን መልበስ ስላለባቸው፣ ንግግሩ ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሳያልቅ መጀመር አለበት።

ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ነገር ልበል፦ «ኮሚሽን ካልሰጠህ ክትትል ዋጋ የለውም» የሚሏችሁ ሰዎች ይኖራሉ። እንዲያ ያለ ደንበኛ ነገ የበለጠ የሚከፍለው ሲመጣ ይተዋችኋል፤ ያኔ አቤት የምትሉበት ቦታም አይኖራችሁም።

መልስ፦ የቆዳ ቦርሳ ሠሪ (አዲስ አበባ)

የባዛሩን ጥያቄ እኔ ልሞክረው። ካርዱን ሲቀበሉ ሰውየው ከፊትዎ ዞር እንዳለ በጀርባው ላይ የተናገረውን አንድ ነገር ይጻፉበት፤ «ክሊኒክ ሊከፍት ነው»፣ «አረንጓዴ ጋዋን ፈልጎ አጥቷል»፣ «ለእህቱ ሱቅ ነው የሚጠይቀው»። ማታ ሲደክምዎት ማን ምን እንዳለ አያስታውሱም። ባዛሩ እስኪያልቅ ሳይጠብቁም በማግሥቱ ያንኑ ነገር ጠቅሰው ይጻፉለት፤ መልእክቱም ለእርሱ ብቻ የተጻፈ መሆኑ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይታወቅ። አረንጓዴ ጋዋን ለፈለገው ሰው የአረንጓዴውን ጨርቅ ፎቶ ይላኩ እንጂ የምርቶቻችሁን ዝርዝር በሙሉ አይላኩበት። ምንም ያልተጻፈባቸውን ካርዶች በተመለከተ እኔ ብሆን ለበዓል «እንኳን አደረሳችሁ» ከማለት በቀር ምንም አልልክም።

ከዚህ የበለጠ የሚጠቅመው ግን ገዥን ሳይሆን ሌላ ሻጭን መተዋወቅ ነው። አዲስ ሆቴል ሊከፈት ሲል ዩኒፎርም የሚታሰበው በመጨረሻ ነው፤ ከዚያ በፊት የፊኒሺንግ ሥራ የሚሠራው፣ አልጋና ወንበር የሚያቀርበው፣ መጋረጃ የሚሰቅለውና ማስታወቂያ ሰሌዳ የሚያትመው ሁሉ ግቢው ውስጥ ገብተዋል። እነዚህ ሰዎች የሆቴሉን ባለቤት ስም፣ የሚከፈትበትን ወርና የክፍሎቹን ቀለም እርስዎ ከመስማትዎ ከብዙ ጊዜ በፊት ያውቃሉ፤ ከእርስዎ ጋርም አይፎካከሩም። ከእነርሱ ሁለት ወይም ሦስት ሰው ይምረጡና በቅድሚያ እርስዎ ደንበኛ ይላኩላቸው። ክሊኒክ ለሚከፍት ደንበኛዎ መጋረጃ ሰፊውን ቢጠቁሙት፣ መጋረጃ ሰፊው በተራው ስለ እርስዎ ሳይናገር አያልፍም። የአዲስ አበባ ንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤት በሚያዘጋጃቸው የንግድ ትርኢቶች ላይም እኔ በዋነኛነት የምዞረው የሌሎችን ሻጮች ጠረጴዛ ነው።

የነጋዴዎች እቁብም ለዚህ ይረዳል፤ በየጊዜው ገንዘቡን በሰዓቱ የሚጥል ሰው ስለ ሥራውም ሳይናገር ይታመናል። ለቅሶ ቤት ውስጥ ካርድ ማደል ግን ነውር ነው። ይህን መጻፍ የማያስፈልግ ይመስል ነበር፤ አይቻለሁና ጻፍሁት።

አሮጌ ደንበኞችንም አይርሱ። ልብሱን ካስረከቡ በኋላ ጥቂት ጊዜ ታጥቦ ሲለበስ ቆይቶ፣ «ቀለሙ እንዴት ሆነ? የጠበበው ወይም ቁልፍ የረገፈበት አለ?» ብለው ይጠይቁ። የእያንዳንዱን ሠራተኛ ልክ በስሙ መዝግበው ካስቀመጡ ደግሞ አዲስ ሠራተኛ በተቀጠረ ቁጥር ድርጅቱ ወደ ሌላ ሰፊ የሚሄድበት ምክንያት አይኖረውም።

ምላሽ፦ ስፌት ቤት

የልክ መዝገብ አለን፤ ለክትትል እንደሚያገለግል ግን አስበነው አናውቅም። ነገ ጠዋት ለአንድ ክሊኒክ የምልከውን አዘጋጅቻለሁ፤ እስቲ እዩልኝ፦ «ጤና ይስጥልኝ፣ ስላስቸገርኳችሁ ይቅርታ። የጋዋኑን ጉዳይ አስመልክቶ ቀደም ሲል ፕሮፎርማ ሰጥቻችሁ ነበር። የጠየቃችሁት ዓይነት ጨርቅ አሁን በሁለት ውፍረት ተገኝቷል፤ ሁለቱንም ናሙና ይዤ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ብመጣ ይመቻችኋል ወይስ በሌላ ቀን?»

መልስ፦ ቡና ቆዪ (ሐዋሳ)

«ስላስቸገርኳችሁ ይቅርታ» የሚለውን ያውጡት፤ ናሙና ይዞ የሚመጣ ሰው አላስቸገረም። ቀሪው እንዳለ ይሂድ። ረቡዕ ሲሄዱ ግን ጋዋኑን የምትለብሰዋ ነርስ ጨርቁን በእጇ እንድትነካው ያድርጉ።