አስቸኳይ፦ የአባቴ ጫማ ሶል መንገድ ላይ ተገነጠለ (እንግሊዝ፣ ከባዝ ወደ ብራድፎርድ-ኦን-ኤቨን)

የአባቷ ልጅ፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ከአባባ ጋር ጀልባ በሚሄድበት በኬኔትና ኤቨን ቦይ ዳር በእግር እየሄድን ነው። የቀኝ ጫማቸው ሶል ከጣታቸው እስከ ተረከዛቸው ተላቀቀ። በረገጡ ቁጥር እንደ አዞ አፍ ይከፈታል። ባትሪዬ 14 በመቶ ነው። ወደ ባዝ እንመለስ? ቢጫ የድንጋይ ድልድይ ላይ ቆመናል።

እማማ ሸዋ፦
አይዞሽ የኔ ልጅ። ፌስታል ካለሽ ቅደጂና እንደ ገመድ ጠምዝዢው። ከሶሉ ስር አሳልፈሽ ሁለት ቦታ እሰሪው፣ ጣታቸው ጋና መሃል እግራቸው ላይ። ቋጠሮው ከላይ ይሁን፣ ከስር ከሆነ ያደናቅፋቸዋል።

ባለሳይክል፦
የትኛው ድልድይ? በዚያ መንገድ ቦዩን ከወንዙና ከባቡር ሐዲዱ በላይ የሚያሻግሩ ሁለት አሉ። የባቡር ጣቢያ አጠገብሽ ካለ፣ የድልድዩም መሃል ዝቅ ካለ፣ አቨንክሊፍ ነው። ጣቢያ ከሌለና ውሃው ዳር አሮጌ የብረት ክሬን ካለ ደንደስ ነው።

የታሪክ ወዳጅ፦
ደንደስ እ.ኤ.አ. በ1805 ያለቀ የኢንጂነር ጆን ሬኒ ሥራ ነው። ቦዩ በሙሉ የተከፈተው በ1810 ነው። ባቡር ሲመጣ ገበያው ቀረ፣ ቦዩም ተጎዳ። ከብዙ ዓመት ጥገና በኋላ በ1990 ንግሥት ኤልሳቤጥ እንደገና ከፈቱት። ጀልባውን ፈረስ ዳር ዳሩን እየሄደ ይጎትተው ስለነበር መንገዱ ሜዳ ነው። ለአባትሽ ዳገት አይኖርም።

የጫማው ሰው፦
ማስቲሽ አትፈልጊ። ዓመታት ሳይደረግ የተቀመጠ ጫማ ሶሉ ራሱ ይፈረፈራል። እርጥብ ላይ ደግሞ ማስቲሽ አይዝም።

የአባቷ ልጅ፦
ክሬኑ ይታየኛል! ጣቢያ የለም። ጫማውን ለዚህ ጉዞ ብለው ከአዲስ አበባ ነው ይዘውት የመጡት። ጠዋት ጃንሆይ በስደት የኖሩበትን ፌርፊልድ ቤት አይተን ነው የተነሳነው። አሁን ብራድፎርድ ያለውን የአስራት ጎተራ ሳላይ አልመለስም ብለዋል።

መስፍን_ብሪስቶል፦
በሶል አልባ ጫማ ሽማግሌ ማስኬድ ልክ አይደለም። ጎተራው ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቆሟል፣ ነገም አለ። በባቡር ውሰጃቸው።

የታሪክ ወዳጅ፦
ጃንሆይ ባዝ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1936 ነው፣ እስከ 1940 ቆዩ። ቤቱን በ1958 ለከተማው አረጋውያን ሰጡ። ጎተራው ደግሞ የሻፍትስበሪ ገዳም ሴት መነኮሳት ነበር። ገበሬው አስራቱን በእህል ያስገባ ነበር፤ አባትሽ ቢጓጉ አይገርመኝም።

ባለሳይክል፦
ደንደስ ከሆንሽ በእግር ወደ ባዝ አትመለሱ፣ ይርቃል። ፌስታሉ ከያዘ ወደፊት ሂዱ። አቨንክሊፍ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ ባቡሩ ካልጠሩት አይቆምም። ሲመጣ እጅሽን ዘርግተሽ ለሹፌሩ አሳዪ። መድረኩ አጭር ስለሆነ ሁሉም በር አይከፈትም። ብራድፎርድ ቀጣዩ ጣቢያ ነው። ካልያዘ ደግሞ ከክሬኑ አጠገብ ወዳለው አውራ ጎዳና ውጡና ታክሲ ጥሩ። ስልክሽ ሳይዘጋ አሁኑኑ ወስኚ።

ቀልደኛው፦
አባባን ጀልባ ላይ አስቀምጪና እንደ ድሮው ፈረስ ጎትቻቸው!

የአባቷ ልጅ፦
ታሰረ። ሦስት ፌስታል ፈጀ። አባባ እየረገጡ ሞከሩት፣ «እንሂድ» ብለዋል። 9 በመቶ ቀርቶኛል።

ሄለን፦
አሁን ነው ያየሁት። ክር ወይም ፌስታል ካለሽ ከስር አሳልፈሽ እሰሪው።

እማማ ሸዋ፦
ደረሳችሁ የኔ ልጅ? ካልሲያቸው ረጥቦ ከሆነ ቀይሪላቸው።